ዕቃው አይመለስም፤ ሞተረኛው ግን ይመለሳል!

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ፍቅር አይደለም፤ ስለ ትዳርም አይደለም። ስለ ዕቃ ነው። «ደግሞ ስለ ዕቃ ምን ይወራል?» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡብኝ! ዘንድሮ የከተማችን ወጣት ከፍቅረኛው አብልጦ በር በሩን እያየ የሚጠብቀው ሞተረኛውን ሆኗል። ስልክ ሲጮህ ልብ ድው ድው የሚለው «ውዴ ደወለች» ተብሎ ሳይሆን «ዕቃዬ መጣ» ተብሎ ነው። ታዲያ ልብ የሚሰብረው ፍቅር ብቻ ነው ያለው ማነው? ዕቃም ይሰብራል። የዕቃው ስብራት ደግሞ የመልስ ጉዞ ሂሳብ አለበት።

መቼም ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ማታ አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ስልክ መነካካት ነው። ቴሌግራም ላይ አንዱ ቻናል ጫማ ይደረድራል፣ ሌላው ቀሚስ፣ ሌላው የጁስ መፍጫ። ቲክቶክ ላይ ደግሞ አንዷ ቆንጆ ቀሚሱን ለብሳ ዞር ዞር ትልበታለች። ልብ ይከጅላል። ሳይዝ ይጠየቃል፣ አድራሻ ይላካል፣ በማግስቱ ቀትር ላይ አንድ የማይታወቅ ቁጥር ይደውልና «ዕቃ ይዤ ነበር፤ የት ጋ ልምጣ?» ይላል።

ይቺ «የት ጋ ልምጣ?» የምትባል ጥያቄ ራሷን የቻለች ጣጣ ናት። በከተማችን የቤት ቁጥር ቢኖርም በቁጥሩ ተፈልጎ የሚገኝ ቤት ስንት ነው? ፖስታም ቢሆን የለመድነው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው እንጂ ፖስተኛ በር ሲያንኳኳ አይደለም። ስለዚህ ሞተረኛው የሚመጣው በምልክት ነው። «ከመድኃኔዓለም ወረድ ብለህ፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ቢጫው በር» ይባላል። ልጁ ይደርስና ዳቦ ቤቱ ለመንገድ ሥራ ፈርሶ ያገኘዋል! እንደገና ስልክ፣ እንደገና ዙሪያ። ይሄ ሁሉ እንግዲህ ዕቃው ገና ሳይከፈት ነው።

ሲከፈትስ? አበው «ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ይላሉ። በፎቶ ግዢ ግን ዓይን ያየው ሌላ፣ እጅ የጨበጠው ሌላ እየሆነ ልብ መፍረድ አቅቶታል። ፎቶው ላይ ወይን ጠጅ የነበረው ቀሚስ በር ላይ ሲደርስ የበሰለ ቲማቲም ይመስላል። ቆዳ የተባለው ቦርሳ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል። ያን ጊዜ ገዢ «ውሰድልኝ» ይላል፤ ሻጭ «አልቀበልም» ይላል፤ መሐል ላይ አንድ ሰው ዕቃ ታቅፎ ይቀራል። ዛሬ ላወራላችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ሰው ነው።

የእናታችን የዕቁብ ብር

«ይህን ሁሉ በምን አወቅሽ?» ካላችሁኝ፣ ታናሽ ወንድሜ ሞተረኛ ነው። እኔ፣ እሱና እናታችን አንድ ቤት ነው የምንኖረው። ማታ ሄልሜቱን በር ላይ ሲሰቅል ከፊቱ ውሎውን አነባለሁ። ሥራውን የጀመረው ፈቃድ ካወጣ በኋላ ነው። እንደምታስታውሱት በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ በሞተር እየተጠጉ ስልክና ቦርሳ የሚነጥቁ በዝተው ነበርና የከተማው አስተዳደር ፈቃድ በሌላቸው ሞተሮች ላይ እገዳ ጥሎ ነበር። የኔ ወንድም ሥራ ሲፈልግ ታዲያ ወረቀቱን ለማሟላት ብዙ ደጅ ጠንቷል። እናም ሥራውን ይወደዋል፤ ቀልድ አያውቅም።

አንድ ቀን እንዲህ ሆነ። ሰሚት አካባቢ የምትኖር አንዲት ሴት ጫማ ታዛለች። የጫማው ዋጋ 3 ሺህ 800 ብር፣ የማድረሻው 250 ብር። ሻጯ ያለችው ቦሌ ነው። የዚች ሻጭ አሠራር ደግሞ እንዲህ ነው፦ ሞተረኛውን ስለማታውቀው ዕቃውን ስታስረክብ ዋጋውን አስቀድሞ እንዲከፍላት ታደርጋለች። እሱ ደግሞ ከገዢዋ የዕቃውንም የድካሙንም ይቀበላል። ሲሳካ ለሁሉም ደግ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ወንድሜ እጁ ላይ ያን ያህል ብር ስላልነበረው፣ እናታችን እሁድ የምትጥለውን የዕቁብ ብር «እማዬ፣ ማታ እመልስልሻለሁ» ብሎ ወሰደ። እሷም ልጄ ሠርቶ ሊገባ ነው ብላ መርቃ ሰጠችው።

ሰሚት ደረሰ። ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ። ሴትየዋ ጫማውን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ለካችው። ቆመች፣ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ፊቷን አጨማደደች።

«አጠበቀኝ።»

«እህቴ፣ ያዘዝሽው 38 አይደል? ይኸው 38 ነው።»

«38 ነው፤ ግን የኔን 38 አይደለም!»

ጫማው ወደ ካርቶኑ ተመለሰ። ወንድሜ በትሕትና «እሺ፣ ለመጣሁበትስ?» አላት። «ላልገዛሁት ዕቃ ምን ብዬ ልክፈል?» አለችና በሩን ዘጋች። አልተሳደበችም፤ አልጮኸችም። እንዲያው በቀላሉ ዘጋችው።

ወደ ቦሌ ተመለሰ። ሻጯ ካርቶኑን ስታይ ገና ከሩቅ ራሷን ነቀነቀች። «ወንድሜ፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ብለን ቻናሉ ላይ ለጥፈናል እኮ!» አለችው። «እኔ መች ገዛሁ? አድራሽ ነኝ እኮ!» ሲላት ምን ብትለው ጥሩ ነው? «ብሩን የከፈልከኝ አንተ አይደለህ?»

አጀብ ነው! ሰው ሳይገዛ ገዢ ሆኖ ቁጭ አለ። ያን ዕለት ማታ ወንድሜ የሴት ጫማ ታቅፎ ቤት ገባ። የእናታችን እግር 40 ነው፤ የኔ 36። ጫማው ቁም ሣጥን ላይ ወጥቶ ቁልቁል ሲያየን ሰነበተ። እናታችን እሁድ ዕለት ከጎረቤት ተበድራ ዕቁቧን ጣለች፤ አንዲት ቃል አልተናገረችውም። እሱን የጎዳው ግን ዝምታዋ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጫማውን ለአንዲት የሰፈር ልጅ በ2 ሺህ 500 ብር ሸጠው። 1 ሺህ 300 ብር ከኪሱ ወጣ፤ የደርሶ መልሱ ነዳጅና ልፋት ሳይቆጠር ማለት ነው።

«ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» የሚባለው ይሄ ነው። ገዢና ሻጭ በስልክ ተዋውቀው በስልክ ይኮራረፋሉ። ሣሩ ግን ሄልሜት አድርጎ በፀሐይና በዝናብ መሐላቸው ይመላለሳል።

ለመልስ ለብሳ መልሱልኝ ያለችው

ወንድሜ ነው ብዬ ለእሱ ብቻ እንዳላደላ አንዲት የማውቃት ሻጭ ዘንድ ሄጄ አወራኋት። ልጅቷ በኪራይ ክፍሏ ውስጥ ቀሚስ ደርድራ በስልክ የምትሸጥ፣ ለፍታ አዳሪ ናት። «ለምንድነው ዕቃ የማትመልሱት?» ብዬ ስጠይቃት ሳቀች። ከዚያም ተነስታ አንድ ሐምራዊ ቀሚስ አውጥታ አፍንጫዬ ሥር አመጣችልኝ። ሽቶ ሸተተኝ። አንገትጌው ላይ የፊት ቀለም ቡናማ ሆኖ ተቀብቷል።

«ይቺ ደንበኛዬ» አለችኝ፣ «ቀሚሱን ለጓደኛዋ መልስ ለበሰችው። በማግስቱ ደውላ መልሱልኝ አለችኝ! እንዲያው ለመልስ የተገዛ ሁሉ ይመለሳል ያላት ማን ነው?»

ከልቤ ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ልጅቷ ቀጠለች። «እኔ ብመልስላት እኔስ ለማን ልመልስ? መርካቶ ያለው አከፋፋይ ከሱቄ ደጃፍ ከወጣ የኔ አይደለም ይለኛል። ያስመጣው ነጋዴ ደግሞ እሱን አያውቀውም። ዱቤ የለኝ፣ ካፒታል የለኝ። አንድ ቀሚስ ተመለሰ ማለት የሦስት ቀሚስ ትርፌ ሄደ ማለት ነው።»

እውነቷን ነው። የሰፈራችን ባለ ሱቅ ድሮ ዕቃ የሚለውጥልን ደግ ስለሆነ ብቻ አልነበረም፤ ስለሚያውቀን ነው። የማንን ልጅ እንደሆንን፣ ደመወዝ መቼ እንደምናገኝ ያውቃል። እኛም ነገ ዳቦ ልንገዛ እንደምንመጣ ስለምናውቅ አናጭበረብረውም። በስልክ ግዢ ይሄ መተዋወቅ የለም። ሻጭ ገዢን ትጠረጥራለች፣ ገዢም ሻጭን ትጠረጥራለች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ነዋ! ሁለቱም ሲጠራጠሩ ታዲያ ጥርጣሬያቸውን የሚሸከመው ሞተረኛው ሆነ።

አሜሪካ ውስጥስ?

«በሰለጠነው አገር እኮ ዕቃ በነፃ ነው የሚመለሰው» የሚሉ አሉ። የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው፤ ሥራዋም የተመለሱ ዕቃዎች የሚገቡበት ትልቅ መጋዘን ውስጥ ነው። ስንደዋወል «እስቲ ስለ ሥራሽ አውሪኝ» አልኳት። የነገረችኝን እንዳለ ላካፍላችሁ።

እዚያ ሰው አንድን ቀሚስ በሦስት ሳይዝ ያዝና ሁለቱን ይመልሳል። ይህ እንደ ነውር አይታይም። የተመለሰው ጥቅል መጋዘን ሲደርስ እሷና ጓደኞቿ ይከፍቱታል። ባርኮዱ ይነበባል፣ ያዘዘው ሰውና የመለሰው ዕቃ አንድ መሆኑ ይታያል። ከዚያ ይገላበጣል፤ ታጉ አለ? ክሩ አልተመዘዘም? ይሸታል? «እኔ እኮ ደመወዝ የሚከፈለኝ የሰው ብብት ለማሽተት ነው!» አለችኝ እየሳቀች። ደህናው እንደገና በላስቲክ ታሽጎ ወደ መደርደሪያ ይመለሳል። ትንሽ እንከን ያለው በቅናሽ ይሸጣል። ለማየትና ለማጠፍ የሚወጣው የሰው ጉልበት ከዕቃው ዋጋ የሚበልጥ ከሆነ ደግሞ ከሌላው ጋር በጅምላ ተጠቅልሎ ለርካሽ ገዢ ይሄዳል፤ አንዳንዱም ይጣላል።

ይጣላል ስትለኝ የመርካቶው ምናለሽ ተራ ትዝ አለኝ። እኛ ጋ የተሰበረ የሻይ ማንቆርቆሪያ ጆሮ እንኳ ገዢ አለው። ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሚሰበስበው እዚያ ደርሶ ሌላ ነገር ይሆናል። እዚያ ግን ተለክቶ ብቻ የተመለሰ ሸሚዝ የቆሻሻ ዕጣ ሊደርሰው ይችላል። ፈረንሣዮች ነገሩ ሲከፋ በ2020 እ.ኤ.አ. ሕግ አወጡና ከ2022 ጀምሮ ነጋዴ ያልተሸጠ ልብስና ጫማ እንዳያቃጥልና እንዳይጥል ከለከሉ።

መጠኑን ደግሞ ስሙ። የአሜሪካ የችርቻሮ ነጋዴዎች ብሔራዊ ማኅበር በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዚያ ዓመት በአገሪቱ የሚመለሰው ዕቃ ዋጋ 890 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል ብሎ ነበር። ከሽያጩ 16.9 በመቶ መሆኑ ነው። ከመቶ ብር ሽያጭ ወደ 17 ብር የሚጠጋው ተመለሰ እንደማለት ነው!

ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ያመላልሰዋል? እዚህ ላይ አንድ የምወደው ታሪክ አለ። በ1907 እ.ኤ.አ. ሲያትል በተባለችው የአሜሪካ ከተማ ጄምስ ኬሲ የሚባል የ19 ዓመት ልጅ ከጓደኛው ከክሎድ ራያን ጋር 100 ዶላር ተበድሮ የመልዕክት ሥራ ጀመረ። መልዕክተኞቻቸው በእግርና በብስክሌት ነበር ደብዳቤና ጥቅል የሚያደርሱት። ቆይተው የትልልቅ መደብሮችን ዕቃ በየቤቱ ማድረስ ያዙ። ያ ሥራ ዛሬ ዩፒኤስ የሚባለው፣ ቡናማ መኪናዎቹ በዓለም የሚታወቁለት ኩባንያ ነው። ይኸው ኩባንያ በ2023 እ.ኤ.አ. ዕቃ መመለስን ብቻ ሥራው ያደረገ ሃፒ ሪተርንስ የተባለ ድርጅት ገዛ። ደንበኛው ዕቃውን ሳያሽግ፣ ካርቶን ሳይፈልግ ወደ መቀበያው ይወስዳል፤ ስልኩ ላይ ያለው ምልክት ይነበባል፤ የብዙ ሰው ዕቃ በአንድ ሣጥን ተጠራቅሞ በአንድ ጉዞ ይሄዳል። ልብ በሉ! እነሱ የመልሱን መንገድ የሚከፈልበት ሥራ አደረጉት። እኛ ጋ የመልሱ መንገድ የሚከፈልበት ሥራ ሳይሆን የሞተረኛው ዕዳ ነው።

ደግሞም እዚያ «ነፃ» የሚባለው ነፃ አይደለም። የመመለሻው ወጪ ቀድሞ በዕቃው ዋጋ ውስጥ ተሸሽጎ ገብቷል፤ መላሹም የማይመልሰውም አብረው ይከፍሉታል። አንዳንዱ ነጋዴም መሸሸጉ ሰልችቶት በግልጽ ማስከፈል ጀምሯል። ዛራ በ2022 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር በስልክና በኮምፒዩተር የተገዛ ልብስን በጥቅል ለሚመልሱ ደንበኞች 1 ፓውንድ ከ95 ሣንቲም ማስከፈል ሲጀምር ብዙ ሰው ተንጫጭቶ ነበር። እኔ ግን ሳየው ነገሩ ደግ ነው። ቢያንስ ሂሳቡ ጠረጴዛ ላይ ወጥቷላ!

ሕጉን እንየው

የአውሮፓ ኅብረት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ከሩቅ ሆኖ የገዛ ሰው ምክንያት ሳይናገር በ14 ቀን ውስጥ ሐሳቡን መለወጥ ይችላል ይላል። የመመለሻውን ኪራይ ገዢው ይከፍላል፤ ነገር ግን ሻጩ ይህን አስቀድሞ ካልነገረው ሻጩ ራሱ ይከፍላል። ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው፦ ማን እንደሚከፍል ከግዢው በፊት ይነገር። ያልተናገረ ይከፍላል!

የኛስ? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የገዛው ዕቃ ጉድለት ያለበት ሸማች በ15 ቀን ውስጥ መልሶ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ቢሆን ሻጭን ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ ያደርገዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ በስልክ የተጻጻፍነው መልዕክት በኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ዋጋ ቢስ ነው እንዳይባል ዕውቅና ሰጥቶታል። ስለዚህ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የምትለዋ ጥቅስ ብቻዋን የሕግን ቦታ አትተካም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አደራ። ሕጉ 15 ቀን የሰጠው ጉድለት ላለበት ዕቃ ነው። የተቀደደ፣ የማይሠራ፣ የተባለውን ያልሆነ ዕቃ ጉድለት አለበት። «ቤት ሳየው ደበረኝ» ግን ጉድለት አይደለም፤ የልብ መለወጥ ነው። ደግሞም ይኸው አዋጅ ሸማች ዕቃውን ስላየና ዋጋ ስለተደራደረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም ይላል። የሰሚቷ ሴት እንግዲህ ጫማውን አልገዛም ማለቷ መብቷ ነበር። ግን አልገዛም ማለት አንድ ነገር ነው፤ ከቦሌ ድረስ የመጣን ሰው በባዶ እጁ መሸኘት ሌላ ነገር ነው። ጫማው አልሆናትም፤ ጉዞው ግን ተፈጽሟል።

እንግዲህ ምን ይሻላል?

እኔ ነጋዴ አይደለሁም፤ የሕግ ሰውም አይደለሁም። የተማርኩት እስከ 12ኛ ክፍል ነው። ወንድሜ፣ ሻጯና የአክስቴ ልጅ ካስተማሩኝ ግን የሚከተለውን ልበላችሁ።

መጀመሪያ ለእናንተ ለገዢዎች። ከማዘዛችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፤ «ባይሆነኝ ትለውጡልኛላችሁ? በስንት ቀን? የደርሶ መልሱን ማን ይከፍላል?» መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ የስልካችሁን ገጽ ፎቶ አንሱና አስቀምጡ። ደረሰኝም ጠይቁ። በሳይዝ ቁጥር ብቻ አትመኑ፤ እግራችሁን ወረቀት ላይ አስምራችሁ በሣንቲ ሜትር ለኩና ላኩ። ዕቃው ሲመጣ ሞተረኛው ፊት ክፈቱት፤ ልጁ ሥራ አለውና ግማሽ ሰዓት መስተዋት ፊት አታስቁሙት። ካልፈለጋችሁት መልሱ፤ መብታችሁ ነው። የማድረሻውን ግን ክፈሉት! ጥፋቱ የሻጩ ከሆነ፣ ማለትም ጥቁር አዛችሁ ቀይ ከላከ፣ እዚያው በስልክ ሻጩን አግኙትና ለልጁ እንዲከፍል አድርጉ። ጸባችሁ ከሻጩ ጋር ነው እንጂ ከሄልሜቱ ጋር አይደለም።

ለሻጮች። ፎቶውን በመብራት አታሳምሩት፤ ቀሚሱን በቀን ብርሃን አንሱት። ለክታችሁ ወገቡ ይህን ያህል፣ ርዝመቱ ይህን ያህል ብላችሁ ጻፉ። ያጠበቀ ጫማን አንድ ጊዜ ብትለውጡ ያቺ ደንበኛ አሥር ሰው ታመጣለች። ለብሶ መላሹን ከፈራችሁ ታጉ ከተቆረጠ አንቀበልም በሉ፤ ይሄ አግባብ ነው፤ ያም ቢሆን ጉድለት ያለበትን ዕቃ አይጨምርም። ከሁሉ በላይ ግን ሞተረኛን የዕቃ ዋጋ አታስከፍሉት። ገዢዋን ካላመናችኋት ከፊሉን ቀብድ በቴሌብር ወይም በባንክ ከራሷ ተቀበሉ። የእናንተን ሥጋት የእናቱ ዕቁብ መሸከም የለበትም።

ለሞተረኞች ወንድሞቼ። ዕቃ ከመረከባችሁ በፊት «ባይቀበሉኝ የመልሱን ማን ይከፍለኛል?» በሉ። ሲሸሹ ካያችሁ ተዉት፤ ሌላ ሥራ ይመጣል። የምትረከቡትን ዕቃ በር ላይ ሳላችሁ ፎቶ አንሱት፤ ገዢም ሲመልስ እንደዚያው። በማኅበር ያላችሁ ደግሞ አንድ ዋጋ ቁረጡ፤ የመሄጃ ይህን ያህል፣ የመመለሻ ይህን ያህል ብላችሁ። አንድ ሰው ብቻውን ሲል የሚናቅ ነገር፣ ሃምሳ ሰው አንድ ላይ ሲል ደንብ ይሆናል።

ወንድሜ በበኩሉ ከዚያ ጫማ ወዲህ የራሱን ደንብ አውጥቷል። ዋጋ አስይዝ የሚል ሻጭ ጋ አይሠራም። ሰሞኑን ሦስት ሻጮች «ካላስያዝክ አንሰጥህም» ብለውት ባዶ እጁን ተመልሷል። አንዷ ግን አሰብ አድርጋ «እሺ፣ የመልሱን ግማሽ እኔ እችላለሁ» አለችው። አሁን ቋሚ ደንበኛው ናት። እናታችን ይህን ስትሰማ «ሰው አለ ገና» አለች፤ ከዚያ ቡናዋን መውቀጥ ቀጠለች።

እናንተዬ፣ ይህች ከተማ እየሰፋች ነው። አያትና ጀሞ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ድረስ ሄደናል። ለአንድ ጫማ ብሎ መርካቶ የሚወርድ ሰው እየቀነሰ፣ በስልክ የሚያዝ እየበዛ መሄዱ አይቀርም። ዕቃ ደግሞ በመጣበት መንገድ የሚመለስበት ቀን አለው፤ ሰው ነንና ሐሳባችን ይለወጣል፣ እግራችንም ያብጣል። በሚቀጥለው ጊዜ ደረጃችሁ ላይ ቆሞ የሚያለከልክ ልጅ ስታዩ፣ «አልፈልገውም» ከማለታችሁ ጋር አብራችሁ «ለመጣህበት ስንት ነው?» በሉት። 250 ብር ነው። እሱ ቤት ግን የእሁድ ዕቁብ ሊሆን ይችላል።

ደርሶባችሁ የምታውቁት ተመሳሳይ ገጠመኝ ካለ በዝግጅት ክፍላችን በኩል ጻፉልኝ። ሳምንት በሌላ ወግ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!